ትልቅ በዓል የምታስተናግድ መካከለኛ ከተማ፦ ቢሾፍቱና ኢሬቻ

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሐይቆች ከተማ ናት። ከመስቀል በኋላ በሚውለው የኢሬቻ እሑድ የኦሮሞ ሕዝብ የምስጋና በዓል በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳርቻ ሲከበር፣ ከነዋሪዎቿ ቁጥር እጅግ የሚበልጥ ሕዝብ ይገባባታል። ከ2012 ወዲህ በዋዜማው ቅዳሜ በአዲስ አበባ ሆራ ፊንፊኔም ስለሚከበር፣ ብዙ ሰው ከዚያ ተነሥቶ ሌሊቱን ወደ ቢሾፍቱ ይጓዛል።

ከተማዋን በዚህ ቀን የሚሸከሟት በአቃቂና በዱከም የሚያልፈው ነባሩ መንገድ፣ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ እንዲሁም በ2010 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ናቸው። ሦስቱም የተሠሩት ለበዓል ሳይሆን ለንግድና ለወደብ ጉዞ ነው። ለዚህም ነው ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግሉት። ለአንድ ቀን ተብሎ የሚሠራ መድረክ፣ በር ወይም አደባባይ ግን በማግሥቱ ጥበቃና ጥገና የሚጠይቅ ወጪ ይሆናል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በሥራው ጊዜ ምርጫ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ክረምቱ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው፤ በዓሉ ደግሞ በመስከረም ማብቂያ አካባቢ ይደርሳል። በአዲሱ በጀት የተጀመረ መንገድ እንግዲህ በዝናብ ውስጥ መሠራቱ አይቀርም። ውሃ የጠገበ አፈር በሮለር ቢዳመጥም አይጠብቅም። ከኮብልስቶኑ ሥር የተነጠፈውን አሸዋ ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ድንጋዩም ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይሰምጣል። ስለዚህ ለመጪው በዓል የታሰበ ሥራ ባለፈው በጀት ተይዞ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ማለቅ አለበት። ቅደም ተከተሉም የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ የውሃና የፍሳሽ ቱቦ፣ ቀጥሎ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ፣ መጨረሻ ላይ ንጣፍ። ንጣፉ ከቀደመ ቱቦ ለመቅበር መልሶ መቆፈር ይመጣል።

የሕዝቡ እንቅስቃሴ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይሻል። በጠፍጣፋና ነጻ መንገድ ላይ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ ቢበዛ 82 ያህል ሰው ያልፋል። በዚህ ስሌት 10 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በሰዓት 49,200 ሰው ያሳልፋል፤ ለ100,000 ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። ባጃጅ ከቆመበት ወይም ነጋዴ ዕቃ ከዘረጋበት ስፋቱ ስለሚጠብ ስሌቱ ይፈርሳል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአምስት በላይ ሰው ሲቆም ግለሰቡ በራሱ ፈቃድ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹም በላዩ ይወድቃሉ። መስከረም 22 ቀን 2009 በበዓሉ ላይ አስለቃሽ ጭስ ከተተኮሰ በኋላ በተፈጠረው ትርምስ ብዙዎች በአካባቢው ወደነበረ ጥልቅ ጉድጓድ ወድቀው ሞተዋል። መንግሥት ያስታወቀው የሟቾች ቁጥር ከ50 በላይ ነበር። በዚህ ምክንያት መግቢያና መውጫን መለየት፣ ገደልና ቦይን አስቀድሞ መክደን ወይም ማጠር፣ ለአምቡላንስ የተለየ መስመር መተው ለክርክር የሚቀርቡ ጉዳዮች አይደሉም።

ሆራ አርሰዲ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያለ፣ በገጽ ላይ ወራጅ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። የገባበት ፕላስቲክ የትም አይሄድም፤ ከመጸዳጃ የሚሰርግ ፍሳሽም እዚያው ይከማቻል። ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤቶች ከሐይቁ አፋፍ ርቀው፣ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና በሚደርስበት ቦታ መቆም ይኖርባቸዋል። የቆሻሻ ለቀማውም በዚያው ምሽት ቢጀመር ይመረጣል፤ ካደረ ነፋስና ዝናብ ወደ ውሃው ያወርዱታል።

ገቢውን በተመለከተ፣ በዋዜማው አልጋ ይወደዳል፤ ባጃጅ፣ ቡናና የባህል ልብስ ገበያቸው ይደራል። ሆኖም ለአንድ ሌሊት ብሎ ተጨማሪ ክፍል የሚገነባ ወይም ቋሚ ሠራተኛ የሚቀጥር ባለሆቴል የለም። ገንዘቡ በከተማዋ የሚቀረው የሚሸጠው ነገር እዚያው ሲመረት ነው። ቢሾፍቱ በዶሮ እርባታ የታወቀች ስለሆነች፣ ሆቴሎቿ እንቁላልና ዶሮ ከአካባቢው አርቢዎች በውል ቢገዙ ጥቅሙ ከበዓሉ ሳምንት ያልፋል። ለነጋዴዎች አስቀድሞ ቁጥር ያለው ቦታ መስጠትም ሁለት ነገር ይፈታል፦ የእግረኛው መንገድ ነጻ ይሆናል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ለጽዳት የሚውል የቦታ ኪራይ ይሰበስባል።