ዶሮዋ ሳትቀር እንቁላሉ ይሄዳል

ባለፈው ማክሰኞ የዮጋ ልምምዳችንን ጨርሰን ምንጣፍ ስንጠቀልል፣ ጠፍቶ የከረመ ጓደኛችንን አሠልጣኟ «ሦስት ሳምንት ሙሉ የት ሄድክ?» አለችው። እርሱም «ምን ችግር አለ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ መለሰላት። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ዶሮዋ አሳዘነችኝ።

ይህ ሰው ዶሮ ስትታቀፍ አላየም። እናቴ ዶሮ የምታስታቅፈው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነበር። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አንሥታ ታያለች፣ ጆሮዋ ሥር ነቅነቅ አድርጋ ታዳምጣለች፣ የተሰነጠቀውን ለወጥ ትለያለች። ከተሰበረ ጋን በተረፈ ሰፊ ገል ላይ የጤፍ ጭድ ጎዝጉዛ ከደረደረች በኋላ ሲመሽ ዶሮዋን ታስቀምጥባቸዋለች። ከዚያ በኋላ ጓዳ መግባት በእግር ጣት ነው።

ዶሮዋ 21 ቀን እዚያው ናት። በቀን አንዴ ወረድ ብላ ጥሬ ትለቅማለች፣ ውኃ ትጎነጫለች፣ እንቁላሉ ሳይቀዘቅዝ ትመለሳለች። ሌሊት በመንቁሯ ስታገላብጠው ቀጭ፣ ቀጭ ሲል እሰማ ነበር። አንድ ዓመት ሸለምጥማጥ አስደንግጧት ውጭ አደረች። ጠዋት እናቴ እንቁላሉን ዳሰሰችና ምንም ሳትናገር እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከ11ዱ አንድም አልተፈለፈለም።

ተረቱን የፈጠረችው ሴት ናት ባይ ነኝ። ወንድ ቢሆን «በክንፉ ይበራል» ይል ነበር! የርግብ ጫጩት ዓይኑ ሳይገለጥ ተፈልፍሎ ሳምንታት ጎጆው ውስጥ ይቆያል፤ የዶሮ ጫጩት ግን ላባው ደረቅ ሲልለት እናቱን ይከተላል። «በእግሩ» የሚለውን ቃል የመረጠችው ጓዳ ውስጥ ጎንበስ ብላ ይህን ያየች መሆን አለባት።

ሕንዶቹም ከዚህ አይርቁም። የፓታንጃሊ የጥንት የዮጋ መጽሐፍ፣ «ዮጋ ሱትራ»፣ በምዕራፍ 1 ቁጥር 14፣ ልምምድ የሚጸናው ለረጅም ጊዜ፣ ሳይቋረጥ፣ በአክብሮት ሲያዝ ነው ይላል። ከስምንቱ የዮጋ ክፍሎች የሰውነት አቀማመጡ፣ አሳና የሚባለው፣ ሦስተኛው ነው፤ ተመስጦው ሰባተኛው ላይ ነው ያለው። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ስከታተል ሐሳቤ ደቂቃ ሳይሞላ ገበያ ይወርዳል፤ መልሼ አመጣዋለሁ፣ እንደገና ይወርዳል። ሥራው መመለሱ ነው፤ ዶሮዋም ጥሬዋን ለቅማ ትመለሳለች። «ቀስ» የተባለው ለዚህ እንጂ ለመቅረት አይደለም።

ለጠፋ ሰው «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» የሚል አለለት። ደግሞስ ሦስት ሳምንት ማለት ልክ 21 ቀን አይደል? ዶሮዋ በዚህ ጊዜ ጫጩቶቿን አስከትላ ደጅ በወጣች።