ማይክሮ አርኤንኤ እና በካንሰር ውስጥ ያለው ብግነት

ማይክሮ አርኤንኤዎች በእንስሳትና በዕፅዋት ሕዋሳት ውስጥ የሚገኙ፣ ርዝመታቸው 22 ኒውክሊዮታይድ (የአርኤንኤ «ፊደል») ገደማ የሆነ አጫጭር የአርኤንኤ ሰንሰለቶች ናቸው። ራሳቸው ወደ ፕሮቲን አይተረጎሙም፤ ሥራቸው ከሌሎች ዘረመሎች የሚመረተውን የፕሮቲን መጠን መቆጣጠር ነው። ከሚቆጣጠሯቸው ሂደቶች አንዱ ብግነት ነው፤ ይህም ሰውነት ለቁስል ወይም ለተዋህስያን ወረራ የሚሰጠው፣ በመቅላት፣ በማበጥ፣ በሙቀትና በሕመም የሚታወቀው ምላሽ ነው። ጤናማ ብግነት ሥራውን ሲጨርስ ይበርዳል። ሳይበርድ ለዓመታት ሲቆይ ግን ለካንሰር መንገድ ሊከፍት ይችላል፤ መብረዱን ወይም መቀጠሉን ከሚወስኑት ነገሮች መካከል እነዚህ ጥቃቅን ሞለኪውሎች ከፍ ያለ ድርሻ አላቸው።

ብግነትና ካንሰር መዛመዳቸው አዲስ ሐሳብ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ እ.ኤ.አ. በ1863 በዕጢዎች ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት መኖራቸውን አስተውሎ ካንሰር ሥር የሰደደ ብግነት ባለበት ቦታ እንደሚነሣ ገምቶ ነበር። ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ለጨጓራ ካንሰር፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ቫይረሶች ለጉበት ካንሰር፣ የትልቁ አንጀት ሥር የሰደደ ብግነት ደግሞ ለአንጀት ካንሰር እንደሚያጋልጡ በሚገባ ተረጋግጧል። በእነዚህ ሁኔታዎች ነጭ የደም ሕዋሳት የሚለቋቸው የኦክስጅን ውሁዶች የአጎራባች ሕዋሳትን ዲኤንኤ ይጎዳሉ፤ ለቁስል መዳን የታሰቡት የዕድገት ምልክቶችም የተጎዳው ሕዋስ እንዲራባና አዲስ የደም ሥር እንዲዘረጋለት ያግዛሉ።

የመጀመሪያው ማይክሮ አርኤንኤ እ.ኤ.አ. በ1993 በአንዲት ጥቃቅን ትል ውስጥ የተገኘ ሲሆን፣ ለግኝቱ ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን የ2024ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከካንሰር ጋር ያለው ትስስር በቀጥታ የታየው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ የካርሎ ክሮቼ የምርምር ቡድን በአንድ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ዓይነት ሁለት ማይክሮ አርኤንኤዎች የሚገኙበት የ13ኛው ክሮሞዞም ክፍል በብዙ ሕሙማን ላይ ተቆርጦ መጥፋቱን አሳየ።

አመራረታቸው ሁለት መቆረጥን ያልፋል። ከዲኤንኤ የተቀዳውን ረጅም አርኤንኤ ድሮሻ የተባለው ኢንዛይም በኒውክለሱ ውስጥ ቆርጦ 70 ኒውክሊዮታይድ ወደሚያህል ቁራጭ ያወርደዋል፤ ቁራጩ ከኒውክለሱ ወጥቶ ዳይሰር በተባለ ሌላ ኢንዛይም እንደገና ይቆረጥና አርጎኖት ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይጣመራል። ከዚያ በኋላ ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት ፊደሎቹ የፕሮቲን መመሪያ በሚይዘው መልእክተኛ አርኤንኤ ላይ ተዛማጃቸውን ሲያገኙ ይጣበቃሉ፤ መልእክቱም ሳይተረጎም ይቀራል ወይም ይፈርሳል። መጣጣሙ ጥቂት ፊደሎችን ብቻ ስለሚጠይቅ አንድ ማይክሮ አርኤንኤ በመቶ የሚቆጠሩ መልእክቶችን ሊነካ ይችላል፤ በእያንዳንዱ ላይ የሚያሳድረው ጫና ግን ብዙውን ጊዜ መጠነኛ ነው።

አሠራራቸው ጎልቶ የሚታየው ማክሮፋጅ በሚባለው የመከላከያ ሕዋስ ውስጥ ነው። ማክሮፋጁ የባክቴሪያ ግድግዳ ስብርባሪ ሲያገኘው በገጹ ያሉት ተቀባዮች ምልክቱን አይራክ-1 እና ትራፍ-6 በተባሉ ፕሮቲኖች በኩል ወደ ውስጥ ያስተላልፋሉ፤ በዚህ ጊዜ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለው የዘረመል አንቂ ወደ ኒውክለሱ ገብቶ እንደ ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን-6 ያሉ የብግነት መልእክተኞች እንዲመረቱ ያደርጋል። አብረው ሁለት ማይክሮ አርኤንኤዎች (በአጭሩ «ሚር» ተብለው በቁጥር ይሰየማሉ) ይጨምራሉ። ሚር-155 የምልክቱ ልጓም የሆኑትን ሶክስ-1 እና ሺፕ-1 የተባሉ ፕሮቲኖች በማዳከም ብግነቱን ያባብሳል። ሚር-146ኤ ግን ምልክቱን ያስተላለፉትን አይራክ-1ንና ትራፍ-6ን ራሳቸውን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ራሱን የሚያቆመውን ነገር ራሱ ያስመርታል ማለት ነው። ይህን ዑደት የዴቪድ ባልቲሞር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይቷል። ሚር-146ኤ እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ብግነታቸው ልክ ያጣል፣ የመከላከል ሥርዓታቸው የገዛ አካላቸውን ያጠቃል፣ ዕድሜያቸው ሲገፋም ዕጢ ያወጣሉ። ቢ ሕዋስ በሚባሉት፣ ፀረ እንግዳ አካል በሚያመርቱ ነጭ የደም ሕዋሳታቸው ውስጥ ሚር-155 ከመጠን በላይ እንዲመረት የተደረጉ አይጦችም የደም ካንሰርና ሊምፎማ (የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰር) ይይዛቸዋል።

በዕጢው ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ዑደቱ በተቃራኒው ሊዞር ይችላል። ኢንተርሉኪን-6 ስታት-3 የተባለውን ፕሮቲን ሲያነቃ ሚር-21 ይጨምራል፤ ሚር-21 የሕዋስ ዕድገትን የሚገቱትን ፒቴንና ፒዲሲዲ-4 የተባሉ ፕሮቲኖች ስለሚቀንስ ሕዋሱ መሞት ባለበት ሰዓት ይተርፋል። ከዚህ የበለጠ አስደናቂ የሆነው የኬቨን ስትሩል ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረበው ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ በጡት ሕዋሳት ውስጥ ሳርክ የተባለውን ካንሰር አነሣሽ ፕሮቲን ለአጭር ጊዜ ብቻ አነቁት። ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ሊን-28 የተባለውን ፕሮቲን አስነሣ፤ ሊን-28 ሌት-7 የተባለውን ማይክሮ አርኤንኤ ምርት አገደ፤ ሌት-7 ሲቀንስ በእሱ ተይዞ የነበረው ኢንተርሉኪን-6 ከፍ አለ፤ እሱም መልሶ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢን አነቃ። መነሻው ምልክት ከቆመ በኋላም ሕዋሳቱ ለብዙ ትውልድ የካንሰር ጠባይ እንደያዙ ቀጠሉ። በዚህ ሙከራ ብግነቱ የራሱን መቀጠያ ሲሠራ ዘረመሉ ላይ አዲስ ለውጥ አላስፈለገም፤ በእኔ እምነት የዘርፉ ከባድ ትምህርት ይህ ነው።

በጉበት ውስጥ ከሁሉም በብዛት የሚገኘው ሚር-122 ነው። እሱን ያጡ አይጦች ጉበታቸው ስብ ይሞላል፣ ይበግናል፣ ይጠነክራል፤ በመጨረሻም ካንሰር ያወጣል። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ግን ለመራባት ይህንኑ ሞለኪውል ይፈልጋል፤ ስለዚህ እሱን ማገድ ለቫይረሱ ሕክምና ሲታሰብ ጉበትን የመጠበቅ ሥራውም አብሮ መታየት ነበረበት።

ማይክሮ አርኤንኤዎች በተመረቱበት ሕዋስ ብቻ አይወሰኑም። የካንሰር ሕዋሳት ኤክሶሶም በሚባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች እያሸጉ ያወጧቸዋል። ከሳንባ ካንሰር ሕዋሳት የወጡት ሚር-21 እና ሚር-29ኤ አጠገብ ባሉ ማክሮፋጆች ውስጥ ቲኤልአር-8 ከተባለ ተቀባይ ጋር ተጣብቀው ብግነት እንደሚያስነሡ እ.ኤ.አ. በ2012 ተገልጿል፤ ይህ ተቀባይ በተለምዶ የቫይረስ አርኤንኤን የሚለይ ነው።

አንድን ማይክሮ አርኤንኤ በደፈናው ካንሰር አምጪ ወይም ካንሰር ገቺ ብሎ መመደብ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ቢ ሕዋስን ወደ ካንሰር የሚገፋው ሚር-155 ቲ ሕዋስ በሚባለው ሌላ የመከላከያ ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ሲጠፋ አካሉ ዕጢን የመዋጋት አቅሙ ይዳከማል። ስለዚህ የትኛው ሕዋስ ውስጥ፣ መቼና ምን ያህል የሚሉት ጥያቄዎች ከሞለኪውሉ ስም ይበልጥ ሊከበዱ ይገባል።

ይህ ችግር በምርመራም ይገጥማል። ማይክሮ አርኤንኤዎች በደም ውስጥ ሳይበላሹ ስለሚቆዩ ለካንሰር ምልክትነት ይታሰባሉ፤ ይሁን እንጂ ሚር-21 በብዙ የብግነት ዓይነቶች ስለሚጨምር ብቻውን ካንሰርን ከሌላ ሕመም አይለይም። ቀይ የደም ሕዋሳት ናሙና ሲወሰድ ቢፈርሱ እንደ ሚር-451 ያሉትን ስለሚለቁ ውጤቱ ይዛባል፤ ለዚህም ነው ጥንቁቅ ቤተ ሙከራዎች የቀላ ናሙናን የማይቀበሉት።

በሕክምናው በኩል ዕጢን በመግታት የሚታወቀውን ሚር-34ኤን ተክቶ እንዲሠራ የተዘጋጀው ኤምአርኤክስ-34 የተባለ መድኃኒት ከእንዲህ ዓይነት የማይክሮ አርኤንኤ ተተኪዎች በሰው ላይ የተሞከረ ቀዳሚው ሲሆን፣ በአንዳንድ ሕሙማን ዕጢውን ቢቀንስም ከመከላከል ሥርዓት ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳትና የአራት ሰዎች ሞት በመከተሉ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2016 ተቋርጧል። ከዚያ ወዲህ ያለው ጥረት በአብዛኛው ያተኮረው ሞለኪውሉን በኬሚካል በማሻሻልና በቀጥታ ወደ ታሰበው ሕዋስ በማድረስ ሌሎቹ የመከላከያ ሕዋሳት እንዳይነኩ በማድረግ ላይ ነው።