የጭብጥ ፓርክ መንደር፦ ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ ምረቃው ቀን

የጭብጥ ፓርክ (ብዙዎች «ቴም ፓርክ» ይሉታል) መጫወቻው፣ ሕንፃው፣ አትክልቱ፣ ሙዚቃው፣ የሠራተኛው ልብስ ሳይቀር አንድ ታሪክ እንዲናገር ተደርጎ የሚሠራ መዝናኛ ነው። ፓርኩ በየታሪኩ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ክፍል በሙያው ቋንቋ «ላንድ» ይባላል፤ በዚህ ዳሰሳ «መንደር» እያልን እንጠራዋለን። ከሁሉ በደንብ የተመዘገበው የካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ አሠራር ስለሆነ ጽሑፉም ወደዚያው ያደላል።

የቅኔ አገር ሰው ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ጎብኚው የሚያየው ቤተ መንግሥት፣ ጫካና የድሮ ወደብ ሰሙ ነው። ከበስተጀርባ ያለው ብረት፣ የውኃ ቧንቧ፣ የሰው ፍሰትና የሒሳብ መዝገብ ደግሞ ወርቁ። አንድ መንደር ከወረቀት ወደ መሬት ሲወርድ ለምን ሌላ መልክ ይዞ እንደሚወጣ ሲጠየቅ ብዙ ሰው የሠዓሊዎቹን ሐሳብ መለዋወጥ ያነሣል። መዝገቡ ሲታይ ግን ሰሙን የሚያስለውጠው አብዛኛውን ጊዜ የወርቁ መናጋት ነው፦ ገንዘብ ያጥራል፣ አፈሩ ውኃ አይዝም፣ ቀኑ ይደርሳል።

የሥራው ቅደም ተከተል

የመጀመሪያውን ደረጃ ባለሙያዎቹ «ብሉ ስካይ» ይሉታል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ደመና የለም ለማለት ነው። በዚህ ጊዜ ዋጋ አይነሣም። ሠዓሊዎች ትልልቅ የቀለም ሥዕሎች ያወጣሉ፤ ኋላ ገንዘብ አውጪውን የሚያሳምኑት እነዚህ ሥዕሎች ናቸው። ቀጥሎ ጽንሰ ሐሳቡ በካርታ ይሰፍራል፣ ሞዴል ይሠራል፣ የሞዴሉ ልክ እየተለካ የሥራ ሥዕል ይወጣል፣ ቢኦኪው (የሥራው መጠንና ዋጋ ዝርዝር) ይዘጋጃል። የዋሸራ ወይም የጎንጅ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ሲቀርብ «ቤቱ አልመታም» ተብሎ ስንት ጊዜ እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው የሞዴል ግምገማን አያዝንበትም። ከሞዴል ላይ አንድ ተራራ ማንሣት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ አርማታው ከተሞላ በኋላ ግን ቫሪዬሽን (ለተለወጠ ሥራ ተጨማሪ ክፍያ) ይጠየቅበታል፣ አማካሪና ተቋራጭ ይካሰሱበታል።

ሞዴል የሚጠቅመው ለዓይን ልክም ነው። በዲዝኒላንድ ዋና ጎዳና ላይ የሕንፃዎቹ ላይኛ ፎቅ ከታችኛው አነስ ተደርጎ ስለተሠራ ቤቶቹ ካላቸው ቁመት በላይ ረዝመው ይታያሉ። ቤተ መንግሥቱም 23 ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ግንቡ ስለሚያንስ ግዙፍ ይመስላል።

ከግንባታ በኋላ የሙከራና የማስተካከል ጊዜ ይመጣል፤ ከዚያ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው የሚገቡበት የሙከራ መክፈቻ፣ በመጨረሻ ምረቃ።

የመጀመሪያው ካርታ

ዋልት ዲዝኒ መጀመሪያ ያሰበው በርባንክ ከተማ ከስቱዲዮው አጠገብ፣ በጥቂት ኤከር ላይ የሚያርፍ ትንሽ መናፈሻ ነበር። ከተማው አልተቀበለውም። ሐሳቡም እየሰፋ ሄዶ ቦታው ጠበበው። የስታንፎርድ ምርምር ተቋም አዋጪ ቦታ እንዲያጠና ተቀጠረ፤ ጥናቱ አናሃይምን ጠቆመ፤ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ የብርቱካንና የዎልነት እርሻ ተገዛ።

በመስከረም 1953 (እ.ኤ.አ.) ወንድሙ ሮይ ዲዝኒ ገንዘብ ፍለጋ ወደ ኒውዮርክ ሊሄድ ሲል የሚያሳየው ሥዕል አልነበረም። ዋልት ኸርብ ራይማን የተባለውን ሠዓሊ ቅዳሜ ጠዋት አስጠራው። ሁለቱ ቅዳሜንና እሑድን አብረው ተዘግተው፣ አንዱ እየተናገረ ሌላው እየሣለ፣ ፓርኩን ከሰማይ እንደሚታይ አድርገው በአንድ ትልቅ ካርታ ላይ አወጡት። ሰኞ ካርታው ደረሰ።

ይህ ካርታ ለዳሰሳችን ወርቅ የሆነ ማስረጃ ነው፤ ከተከፈተው ፓርክ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላልና። ከባቡር ጣቢያው የሚነሣው ጎዳና፣ በመሐል ያለው አደባባይ፣ ከአደባባዩ እንደ ጃንጥላ ዘንግ የሚበተኑት መንገዶች፣ በስተመጨረሻ የሚታየው ቤተ መንግሥት ሁሉ ያኔውኑ ነበሩ፤ አልተነኩም። መንደሮቹ ግን ተገለባበጡ። ሁሉ ነገር ጥቃቅን የሆነበት «የሊሊፑት ምድር» በካርታው ላይ ነበር፤ አልተሠራም። «ሆሊዴይ ላንድ»ና «የመዝናኛ መናፈሻ» የተባሉትም በካርታው እንደተሣሉት አልተከፈቱም። «የነገ ዓለም» ስሙ ተቀይሮ ቱሞሮውላንድ ሆነ፤ «እውነተኛ ሕይወት» የሚል ቅጽል የነበረው የጀብዱ ምድር ቅጽሉን ጥሎ አድቬንቸርላንድ ተባለ። አጥንቱ ቀረ፣ ሥጋው ተለወጠ ማለት ነው።

ገንዘቡ ከቴሌቪዥን መጣ። ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ 500,000 ዶላር አውጥቶ የ4.5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆነ፤ በምላሹ ዲዝኒ ሳምንታዊ ፕሮግራም ሊሠራለት ተስማማ። ፕሮግራሙ ከጥቅምት 1954 ጀምሮ ገና በቁፋሮ ላይ ያለውን ፓርክ ለአሜሪካ ሕዝብ ያሳይ ጀመር። ከዚያ በኋላ የምረቃውን ቀን መግፋት የማይታሰብ ሆነ።

አፈርና ውኃ

ግንባታው በሐምሌ 1954 ተጀመረ፤ የቀረው ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ነበር። የፓርኩ ትልቅ ወንዝ ተቆፍሮ ውኃ ሲለቀቅበት አሸዋማው አፈር ጠጣው። ሸክላ አፈር እየተጫነ መጥቶ አልጋው ላይ ከተደለደለ በኋላ ነው ውኃው የቆመው። መረሬ መሬት ላይ ያደገ የጎጃም ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ እኛ ዘንድ ውኃ ማስወጣት እንጂ መያዝ መቼ ቸግሮን ያውቃል።

ውኃ ንድፍን እንዴት እንደሚቀይር ግን እኛም አይተናል። ከዓመታት በፊት ጣና ዳር ሊሠራ ለታሰበ መዝናኛ ንድፍ ሲወጣ ከረዳቶቹ አንዱ ነበርኩ። ልኬቱ የተወሰደው በግንቦት መጨረሻ፣ ሐይቁ ሸሽቶ ዳርቻው በሰፋበት ጊዜ ነው። በሥዕሉ ላይ የደንገል ታንኳ ማቆሚያ፣ ውኃውን ተከትሎ የሚሄድ የድንጋይ መንገድ፣ የሳር ክዳን ያላቸው ስድስት ጎጆዎች ነበሩ። ሥዕሉ ጸደቀ። በመስከረም ማብቂያ ቦታውን ልናሳይ ስንሄድ ሰርቬየሩ የተከላቸው ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች አናታቸው ብቻ ከውኃው ብቅ ብሏል፤ አንዱ ላይ ነጭ ወፍ ቆማለች። በአጠገባችን ታንኳ የሚያስጠጉ አንድ አባት ወረቀታችንን አየት አድርገው «ልጆቼ፣ ሐይቁ ክረምት እንደሚመለስ የነገራችሁ የለም?» አሉን። ጣና ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ እንደሚል፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ከተሠራው የጨራጨራ ግድብ ወዲህም ከፍታው በበር የሚመጠን መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከሥዕሉ ጋር ያገናኘው ግን አልነበረም። መንገዱ ወደ ላይ ሲገፋ ጎጆዎቹ ቦታ አጡ፤ የተከፈተው አንድ ጁስ ቤትና ጥላ ሥር የተደረደሩ ወንበሮች ናቸው። ጁሱ ግን ጥሩ ነው።

ወደ አናሃይም እንመለስ። በአድቬንቸርላንድ የጫካ ጀልባ ጉዞ ላይ ዋልት እውነተኛ እንስሳት እንዲኖሩ ፈልጎ ነበር። እንስሳት ቀኑን ተኝተው ወይም ተሸሽገው እንደሚውሉ የሚያውቁ ሰዎች መከሩት፤ ጉማሬውም አዞውም በሞተር የሚንቀሳቀሱ ሆኑ። ይህ ለጊዜው እንደ ሽንፈት የታየ ለውጥ ኋላ የፓርኩ መታወቂያ የሆነውን የሜካኒካል እንስሳት ሙያ አሳደገ። ጫካውን የተከለው ቢል ኢቫንስ ከእርሻው የተነቀሉ ዛፎችን ሥሮቻቸውን ወደ ላይ ገልብጦ እንደ እንግዳ የጫካ ዛፍ አቆማቸው ይባላል።

ገንዘብ ሲያልቅ መጀመሪያ የተጎዳው ቱሞሮውላንድ ነው። ለሌላ ጊዜ ይቆይ ተብሎ ሥራው ቆመ፣ ከዚያ ይከፈት ተብሎ በጥድፊያ ቀጠለ። የነገን ዓለም ያሳያል የተባለው መንደር በአብዛኛው የኩባንያዎች ኤግዚቢሽን ሆነ፤ ሞንሳንቶ ኬሚካሉን፣ ካይዘር አሉሚኒየሙን አሳየበት። ክፍተቱን ፊኛና ባንዲራ ሸፈነው። የተረት መንደር የሆነው ፋንታሲላንድም በሥዕል የታሰበለትን የድንጋይ መንደር አላገኘም፤ በቀለም የተሸለመ የድንኳን ፊት ተሠርቶለት ተከፈተ።

ምረቃው

ዲዝኒላንድ የተመረቀው ሐምሌ 17 ቀን 1955 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም.። ወጪው 17 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ተጋባዡ 11,000 ነበር የሚሉ አሉ፣ 15,000 የሚሉም አሉ፤ በሐሰት በታተመ መግቢያና በአጥር ተንጠላጥሎ የገባው ተደምሮ 28,000 ያህል ሰው ፓርኩን ሞላው። ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ በላይ ነበር። አዲስ የፈሰሰው አስፋልት ስላልደረቀ የሴቶች ታኮ እየሰመጠ ይቀር ነበር። ከምረቃው በፊት የቧንቧ ሠራተኞች አድማ ስለነበር የመጸዳጃ ቤቱና የመጠጥ ውኃው መስመር እኩል ሊደርስ አልቻለም፤ ዋልት መጸዳጃውን መረጠ። ለስላሳ መጠጥ ለመሸጥ ሆን ብለው ነው ብለው ያሙት ነበሩ፤ ሐሜቱ ትክክል አይመስለኝም። በፋንታሲላንድ ጋዝ ሾልኮ የመንደሩ ክፍል ተዘጋ። ይህ ሁሉ በቀጥታ ቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር፤ ከሦስቱ አቅራቢዎች አንዱ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬጋን ነው።

ከምረቃ በኋላ የቀጠለ ንድፍ

ንድፍ በምረቃ ያልቃል ማለት ስሕተት ነው። የሙት መንፈስ ቤቱ («ሆንትድ ማንሽን») ሐሳብ በ1951 ለበርባንኩ መናፈሻ በተሣለ ንድፍ ላይ ይታያል። የውጭ ግንቡ በ1963 አለቀ፤ በሩ የተከፈተው ግን ነሐሴ 9 ቀን 1969 ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጎብኚ በአጥሩ አልፎ ይሄድ ነበር። አንዱ ክርክር ቤቱ የፈራረሰ ይሁን ወይስ የተጠበቀ የሚል ሲሆን፣ ዋልት ንጹሕ ፓርኩ ውስጥ ፍራሽ ቤት ስላልፈለገ የውጩ ጸድቶ ቆመ። ሌላው በእግር ይታይ ወይስ ጎብኚውን ይዞ በሚዞር መጫወቻ ወንበር የሚል ነበር፤ በእግር የሚሄድ ሰው እየቆመ ሰልፉን ስለሚያዘገይ ተከታትሎ የሚሄደው ወንበር አሸነፈ። ዋልት በታኅሣሥ 1966 ስለሞተ መጨረሻውን አላየም።

«የካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎች» የተባለው መጫወቻ ነገርም ተመሳሳይ ነው። በእግር የሚታይ የሰም ምስል ቤት እንዲሆን ታስቦ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ብረቱ ቆሞ ነበር። በ1964 እና 1965 የኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ጀልባ ብዙ ሕዝብ ያለ ጭንቅንቅ እንደሚያሳልፍ ሲታይ ንድፉ ወደ ጀልባ ዞረ፤ በመጋቢት 1967 ተከፈተ። ፋንታሲላንድ ደግሞ የተነፈገውን የድንጋይ መንደር ያገኘው በ1983 ነው፤ 28 ዓመት ጠብቆ።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን መንደሮች በአጭሩ እናልፋለን። የሃሪ ፖተር መንደር በ2010 ኦርላንዶ ውስጥ ቀድሞ የነበረ መንደር ተሸራርፎ ተከፈተ። በ2015 ይፋ የተደረገው የ«ስታር ዋርስ» መንደር 14 ኤከር ይዞ በ2019 ሲከፈት ዋናው መጫወቻው ገና አልደረሰም፤ በፍሎሪዳ ታኅሣሥ 2019፣ በካሊፎርኒያ ጥር 2020 ተከተለ።

አፍሪካ በፓርኩ ውስጥ

በፍሎሪዳ ያለችው የዲዝኒ ፓርክ ኤፕኮት መጀመሪያ 20,000 ሰው የሚኖርባት እውነተኛ የሙከራ ከተማ እንድትሆን የታሰበች ነበረች። ዋልት ከሞተ በኋላ ሐሳቡ ወደ ፓርክ ተለውጦ ጥቅምት 1 ቀን 1982 ተከፈተ። በሐይቅ ዙሪያ አገሮች በተደረደሩበት ክፍል «ኢኳቶሪያል አፍሪካ» የሚባል ድንኳን ይሠራል ተብሎ በይፋ ተነግሮ ነበር፤ አልተሠራም። አንዲት የዓለም ክፍል በአንድ ድንኳን መጠቃለሏ ራሱ የሚያስተዛዝብ ነው፤ እሱም ቀረ።

በ1998 እዚያው ፍሎሪዳ የተከፈተው ሌላው የዲዝኒ ፓርክ፣ አኒማል ኪንግደም፣ የተሻለ ነው። የዲዝኒ ንድፍ አውጪው ጆ ሮድ የመራው ቡድን ኬንያ ድረስ ሄዶ የላሙን ደሴት ከተማ አጥንቶ ሐራምቤ የተባለች መንደር ሠራ፤ የግድግዳው ልስን መሰንጠቁ፣ የቀለሙ መላጥ፣ የጣሪያው ዝገት ሁሉ በሥዕል የታዘዘ ነው። በአንጻሩ እዚያው ሊሠራ የነበረው የተረት አውሬዎች መንደር በገንዘብ ምክንያት ተሰርዞ፣ ቦታው ለጊዜው ተብሎ ለተሠራ ሌላ መንደር ተሰጠ። ጊዜያዊው 16 ዓመት ቆየ፤ ከዚያ ፈርሶ በ2017 ከ«አቫታር» ፊልም የተወሰደው የፓንዶራ መንደር ተተካበት። የፓርኩ ዓርማ ላይ ያለው ዘንዶ ግን እስከ ዛሬ አልተነሣም።

ኤፕኮት ላይ ለአፍሪካ ታስቦ የነበረው ስፍራ በቻይናና በጀርመን መካከል ነው። አሁን እዚያ ያለችው «አውትፖስት» የምትባል ትንሽ ሱቅና መጠጥ መሸጫ ናት።