«ማተቡን በጠሰ» ሙገሳ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው የሰማሁት። ጣርማበር ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ቀስ እያልን ነበር። ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት በስልክ ስለ ጓደኛው ያወራል። «እሱማ ማተቡን በጥሶ ነው የሚሠራው! በሁለት ዓመት ቤት ሠራ፣ መኪና ገዛ» አለ። እያደነቀው ነው እኮ! አጠገቡ ያለችው ልጅም «ጎበዝ» አለች። እኔ ዝም አልኩ፤ አንጀቴ ግን አላረፈም።

ማተብ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚታሰረው ክር ነው። ቃሉን ግን ሳልነካው አላልፍም። ግእዙ ማዕተብ ነው፣ ዐተበ ከሚለው። ማማተብም ከዚያው ሥር ነው የወጣ። እጃችን ፊታችን ላይ የሚሠራውን ምልክት ክሩ ቀን ከሌት አንገታችን ላይ ይዞልን ይውላል።

ያደግሁት መንዝ ነው፣ ባና ሳይደርቡ ማልዶ መውጣት የማይቻልበት አገር። እዚያ ደጋ ላይ ጥጥ አይበቅልም፤ ከቆላ ነው የሚመጣ። አያቴን እምዬ ነበር የምንላት። ለነጠላ ከምትፈትለው ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ታስቀራለች። ከዚያች ሦስት ቀጫጭን ፈትል ታወጣና ጭኗ ላይ አንድ ላይ ታከራቸዋለች፣ «አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ» እያለች፣ ለእያንዳንዱ ፈትል አንድ ስም። ነጭ ሆኖ የታሰረው ክር ሲከርም ላብና ቅቤ ጠጥቶ ራሱ ይጠቁራል።

ማተቤ ሲሳሳ አዲሱን ታስርልኝ ነበር። አሮጌውን የምትፈታው ግን አዲሱ ከታሰረ በኋላ ነው፤ አንገቴ ለአንድ አፍታ እንኳ ባዶ እንዲሆን አትፈልግም። አንዴ ቋጠሮው አልፈታ ሲላት መቀስ ባመጣላት እጄን ያዘችኝ። «ይፈታል እንጂ አይቆረጥም ልጄ» አለችኝ፤ በጥርሷ ይዛ ፈታችው። አሮጌውን እግር የሚረግጠው ቦታ አትጥልም። የቤቱ ምሰሶ ላይ ትጠመጥመዋለች። የእኔ፣ የወንድሞቼ፣ በልጅነቷ የሞተችው አክስቴ ክር ሁሉ እዚያው ላይ ነበር፣ ጭስ አጥቁሮት።

እንግዲህ እንዲህ የሚያዝ ነገር ሲበጠስ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ክሩ ሳንቲም አያወጣም። ሰው አንገት ላይ ካለው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ነገር ግን በሬው፣ ማሳው፣ ሹመቱ ሁሉ የሚመዘነው ከእሱ ጋር ነው። ለጥቅም ሲል እምነቱን የለቀቀ፣ የማለበትን የካደ፣ እሱ ነው ማተቡን በጠሰ የሚባለው።

መንዝ ያደገ ሰው የርስት ክርክር ያውቃል። ወንዱን አያቴን፣ አባባን፣ አንድ ባለጉዳይ «መስክርልኝ፣ ከማሳው እኩሌታው ያንተ ነው» አለው። አባባ ያኔ የነበረው አንድ በሬ ነው፤ የሚያርሰው ከጎረቤት ጋር አቀናጅቶ ነው። ክሩን በሁለት ጣቱ ያዘና «ይህን ይዤ ነው የምቀበር» ብሎ ተነሣ። ማሳውም ቀረ፣ ሁለተኛ በሬም ሳይገዛ ሞተ። እምዬ ይህን ስትነግረን ኤሳውን ሳታነሳ አታልፍም። «ብኩርናውን በምስር ወጥ!» ትላለች፣ ትናንት የተደረገ ይመስል እየተናደደች።

አነጋገሩ ከየት መጣ? ብዙ ሰው ከግራኝ ዘመን ነው ይላል፣ ደብረ ሊባኖስ በ1523 ዓ.ም. ከተቃጠለበት ከዚያ መከራ። እኔ ግን ሌላ ይታየኛል። ሰይፍ አንገቱ ላይ የተደረገበትን ሰው ሕዝቡ እንዲህ አምርሮ አይናገረውም፤ ያዝንለታል። በዚህ አነጋገር ውስጥ ያለው ንቀት ወዶ ለበጠሰ ነው። እና የእኔ ግምት ወደ ገበያ ይወስደኛል። በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር በታች አልዩ አምባ ትልቅ ገበያ ነበር፤ አሞሌው፣ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ የሚሸጥበት፣ ባሪያውም ሳይቀር የሚያልፍበት፣ የሐረርና የታጁራ ቅፍለት (የነጋዴ ጓዝ) የሚያርፍበት። ባሪያ መነገድ ደግሞ ለክርስቲያን የተከለከለ ነበር። ትርፉ ያጓጓው ሰው ቁልቁለቱን ሊጀምር ሲል አንገቱን ሲዳስስ ይታየኛል። ማርትሬዛውን ቆጥሮ ሲመለስ አንገቱ ባዶ ነው፤ አገሩም አየው፣ ስሙን አወጣለት። ተሳስተሃል የሚለኝ ይምጣና ይከራከረኝ፣ እኔ በዚህ አምናለሁ።

ጠንክሮ መሥራትን የሚገልጽ ቃል አጥተን ነው? «ቀበቶውን ጠበቅ አድርጎ» አለ፣ «ላቡን ጠብ አድርጎ» አለ፣ «ወገቡን ታጥቆ» አለ። «ሰው ዓለሙን ሁሉ ቢያተርፍ ነፍሱንም ቢያጎድል» የሚለውን ማቴዎስ 16፥26 በየሰንበቱ እየሰማን፣ ማክሰኞ ላይ ያንኑ ጉድለት እንደ ሜዳሊያ ሰው አንገት ላይ ማጥለቅ ደግ አይደለም። ጓደኛህ ለፍቶ ከሆነ ቤቱን የሠራው፣ ስሙን አታጥፋበት።

መሐል ሜዳ ስንደርስ ወጣቱ ቦርሳውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ከሹራቡ ሥር ማተቡ ብቅ አለ። አዲስ ነው፣ ቋጠሮው ገና አልላላም። ማን እንዳሰረለት ልጠይቀው አሰብኩ፤ በሩ ተከፈተና ወረደ።