ማች ሬት ምንድን ነው? «98 ፐርሰንት» ሲሏችሁ «ከስንቱ?» በሉ

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ላይ አንድ ሰው አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሦስት ሜዲካል ስኩል የተቀበላቸውን ልጆች ሲመክር «ማች ሬቱን ብቻ እዩ፣ 98 ከሆነ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግቡ» ሲል ሰማሁት። ይቺን አባባል ቤተክርስቲያን ግቢም ለቅሶ ቤትም ስልክ ላይም ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እንጃ፣ ዝም ብዬ አልፍ ነበር፣ ባለፈው ቅዳሜ ግን አንዲት ጎረቤታችን ልጇን ይዛ ቡና ልትጠጣ መጥታ ሦስት ብሮሸር ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ «ዶክተር እስኪ ይዩልኝ፣ ይሄ 94 ነው፣ ይሄ 98፣ ይሄኛው 99፣ እንግዲህ 99ኙ ነው አይደል?» አለችኝ። ልጅቷ ኤፕሪል 30 ከመድረሱ በፊት አንዱን መያዝ አለባት። ስለዚህ ልጻፈው።

ሬዚደንሲ ማለት ከሜዲካል ስኩል የወጣ ሐኪም በአንድ የሕክምና ዘርፍ የሚሠለጥንበት ቦታ ነው። ማች ደሞ ተማሪው ፕሮግራሞቹን፣ ፕሮግራሞቹም ተማሪዎቹን በቅደም ተከተል ደርድረው በቀመር የሚገናኙበት አሠራር ነው። ማች ሬት ማለት ደሞ ይሄ ነው፦ የሚፈልጋቸውን የሬዚደንሲ ፕሮግራሞች በቅደም ተከተል ደርድሮ ዝርዝሩን አረጋግጦ ካስገባው ሰው ውስጥ የመጀመሪያ ዓመት ቦታ ያገኘው ስንት እጅ ነው የሚለው ነው። በቃ። ማቹን የሚያካሂደው ኤንአርኤምፒ የሚባለው ድርጅት የሚቆጥረው እንደዚህ ነው። ዝርዝር ያላስገባ ሰው እዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም፣ አመልክቶ አንድም ኢንተርቪው ያልተጠራና በዚህ ምክንያት የተወው ልጅም የለም፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠውማ ጭራሽ የለም።

እንደ እንጀራ አስቡት። አንዲት ሴት 100 እንጀራ የሚወጣው ሊጥ አቡክታለች እንበል። የመጀመሪያዎቹ ለምጣድ ማሟሻ ሄዱ፣ አንዳንዱ ሲነሳ ተቀደደ፣ አንዳንዱ ዓይን ሳያወጣ ቀረ፣ መሶብ ላይ የደረሰው 82 ነው። ከ82ቱ እንግዶቹ 80ውን በሉ። ሴትየዋ «ካቀረብኩት 98 ፐርሰንቱ ተበልቷል» ብትል አልዋሸችም። ግን አንቺ የምትገቢው መሶቡ ላይ አይደለም እኮ፣ ሊጡ ውስጥ ነው!

ወደ ትምህርት ቤት ስናመጣው፣ ለምሳሌ ያህል ነው፣ 100 ተማሪ ገባ፣ 6ቱ አቋረጡ፣ 8ቱ ዓመት ደገሙ ወይ ዘገዩ፣ 4ቱ ኢንተርቪው አጥተው ዝርዝር ሳያስገቡ ቀሩ፣ 82ቱ አስገቡ፣ 80ው ማች አደረጉ። ብሮሸሩ ላይ 98 ተብሎ ይጻፋል። ከገቡት 100 ልጆች ግን በአራተኛው ዓመት ቦታ የያዙት 80 ናቸው። ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው፣ ለወላጅ የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ነው፣ እሱን ደሞ ብሮሸር ላይ አይቼው አላውቅም። (ዘገየ የተባለ ሁሉ ወደቀ ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ፣ ለምርምር አንድ ዓመት የሚወስድ አለ፣ ፒኤችዲ የሚጨምር አለ፣ የምትወልድ አለች። ስለዚህ ለምን ዘገዩ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።)

ከ80ዎቹም ውስጥ ገና አላለቀም። ፕሪሊሚነሪ የሚባል የአንድ ዓመት ቦታ አለ፣ ለምሳሌ ፕሪሊሚነሪ ሰርጀሪ። ኦርቶፔዲክስ (የአጥንት ቀዶ ሕክምና) ፈልጎ ያላገኘ ልጅ ይሄን የአንድ ዓመት ቦታ ብቻ ይዞ ሊቀር ይችላል፣ ከዛ በኋላ ያለውን ራሱ እየፈለገ ነው የሚኖረው፣ ቆጠራው ላይ ግን «ማች አድርጓል» ነው። ይሄን ስል ግን አንስቴዥያ፣ ራዲዮሎጂ፣ ደርማቶሎጂ የሚገቡ ልጆች ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዓመታቸውን ሌላ ቦታ ሠርተው ነው ወደዛ የሚሄዱት፣ የእነሱ ቀጣዩ ቦታ አብሮ የተያዘ ስለሆነ ችግር የለውም። «ፕሌስመንት ሬት» የሚል ካያችሁ ደሞ ሌላ ነገር ነው፣ ማች ሳያደርጉ ቀርተው ውጤቱ በሚወጣበት ሳምንት ሶፕ በሚባለው ተጨማሪ ዙር የተረፈ ቦታ ያገኙትንም ይጨምራል።

ሰውየው ቪዲዮው ላይ ምን ይላል፣ «ትምህርት ቤቱ ጎበዝ ባይሆን ተማሪዎቹ እንዴት ማች ያደርጋሉ?» በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ማኛ ጤፍ የገዛች ሴት እንጀራዋ ቢያምር የጋጋሪዋ እጅ ነው ወይስ የጤፉ? ሲጀመር በኤምካት (የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና ነው) ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን፣ የጤና ባለሙያ ቤተሰብ ያላቸውን፣ ኮሌጅ እያሉ ምርምር የሠሩትን መርጦ የሚያስገባ ትምህርት ቤት ልጆቹ የትም ቢማሩ ማች ያደርጉ ነበር። ሠርገኛ ጤፍ ተቀብሎ ጥሩ እንጀራ የሚያወጣው ነው የሚገርመኝ፣ እሱ ግን ብሮሸሩ ላይ 94 ሊሆን ይችላል። ደሞ አሜሪካ ውስጥ ኤምዲ የሚማሩ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ባጠቃላይ በየዓመቱ ከ90 ፐርሰንት በላይ ማች ያደርጋሉ፣ ዲኦዎቹም (ሌላኛው የሐኪም ዲግሪ ነው) በቅርብ ዓመታት ከ90 በላይ ናቸው። 94ና 98 መካከል ያለው ልዩነት 100 ልጅ ባለበት ክፍል አራት ልጅ ነው! በዛ ዓመት አራት ልጆች ደፍረው ከባድ ስፔሻሊቲ ሞክረው ካልተሳካላቸው ቁጥሩ ወረደ ማለት ነው፣ በሌላ በኩል «አንተ ይሄን አትሞክር፣ ፋሚሊ ሜዲስን አመልክት» እያለ ልጆቹን የሚመልስ ትምህርት ቤት 99 ያገኛል። ፋሚሊ ሜዲስን ትልቅ ሙያ ነው፣ ወዶ ለሚገባበት። እኔ የምለው ልጁ ሳይሞክር መመለሱን ነው።

ይሄ ቁጥር በእውነት የሚያስፈራው ከአሜሪካና ካናዳ ውጭ ለሚማር ነው። ካሪቢያን ሄደው የሚማሩ የአሜሪካ ዜጎችን ጨምሮ ውጭ የተማሩ ዜጎች ሰሞኑን በነበሩት ዓመታት ማች የሚያደርጉት 67 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ዜጋ ያልሆነ የውጭ ምሩቅ 58 አካባቢ። እኔ ከጥቁር አንበሳ ተመርቄ መጥቼ በመጀመሪያው ዓመት ማች አላደረግኩም። ሰኞ ዕለት ነው ውጤቱ የሚመጣው፣ ፓርኪንግ እሠራ ስለነበር ኢሜሉን የከፈትኩት ትኬት የምንቆርጥባት ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው፣ መስኮቱ ላይ አንድ ሰው ካርዱን ዘርግቶ ቆሞ ነበርና ተቀብዬው በሩን ከፈትኩለት፣ ከዛ ነው መልሼ ያነበብኩት። በሚቀጥለው ዓመት አገኘሁ። ስለዚህ ቁጥሩ ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም፣ ከጀርባው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ያለ «ከስንቱ?» ግን ምንም አይናገርም።

ሌላ ደሞ፣ ትምህርት ቤቱ አይደለም ማች የሚያስደርገው። ማቹ ከ1952 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ የአሁኑ ቀመር ከተማሪው ምርጫ ነው የሚጀምረው፣ ከቀመሩ ጀርባ ባለው ሐሳብ ሎይድ ሻፕሊና አልቪን ሮዝ በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ የምትፈልጊውን ከላይ አድርገሽ ደርድሪ፣ «ይቀበሉኝ ይሆን» ብለሽ አታዘዋውሪው። (ይሄ ከአራት ዓመት በኋላ ነው የሚያስፈልጋት፣ ግን ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።)

ታዲያ ምን ይታይ? ለልጅቷ ያልኳትን ልንገራችሁ። ልቧ ኦርቶፔዲክስ ላይ ነው፣ ከሦስቱ አንዱ የራሱ የኦርቶፔዲክስ ሬዚደንሲ የለውም፣ 99 የተባለው እሱ ነው። የራሱ ፕሮግራም ከሌለው ደብዳቤ የሚጽፉላትን ሐኪሞች ሌላ ከተማ ሄዳ ነው የምታገኘው። ስቴፕ የሚባሉት የሐኪም ፈቃድ ፈተናዎች ናቸው፣ ስቴፕ 1 ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ነጥብ የለውም፣ ማለፍና መውደቅ ብቻ ነው፣ አሁን የሚታየው ነጥብ የስቴፕ 2 ነው፣ ስለዚህ ለስቴፕ 2 ስንት ሳምንት ነፃ ጊዜ ይሰጣሉ ብለሽ ጠይቂ አልኳት። እናቷ ያላነሳችውን የገንዘቡን ነገር ደሞ እኔ አነሳሁባቸው፦ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የመንግሥት ብድር ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል፣ ሜዲካል ተማሪ ከመንግሥት መበደር የሚችለው በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ነው፣ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ደሞ ኑሮውን ጨምሮ በዓመት ከ80 ሺህ በላይ ናቸው። የቀረው ከየት ነው የሚመጣው? እናትየው ሲኒዋን አስቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የብሮሸሩን የክፍያ ገጽ ገለጠች፣ 94 የተባለው የስቴቱ ትምህርት ቤት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያየችው።

ከዛ እዛው ቁጭ ብለን ለሦስቱም ኢሜል ጻፍን፣ ልጅቷ ስልኳ ላይ፦ «ከአራት ዓመት በፊት የገቡት ተማሪዎች ስንት ነበሩ? ከእነሱ ውስጥ ዘንድሮ የተመረቁት ስንት ናቸው? ዝርዝር ያስገቡት ስንት፣ ያለ ሶፕ ማች ያደረጉት ስንት፣ የአንድ ዓመት ቦታ ብቻ የያዙት ስንት? ባለፉት ሦስት ዓመታት ኦርቶፔዲክስ የሞከሩትና ያገኙትስ?»

ማክሰኞ ዕለት የስቴቱ ትምህርት ቤት መልስ ላከ፣ አንድ ገጽ፣ ሁሉንም ጥያቄ በተራ በተራ በቁጥር፣ ያቋረጡትን ልጆች ሳይቀር። ሁለተኛው የተማሪዎች ዲኑን በስልክ እንድታነጋግር ቀጠሮ ሰጣት። የ99ኙን እየጠበቀች ነው።