ቁራጭ ጨርቅን በጥቂት ስፌት መቀጣጠል፦ ዳሰሳ ከጅማ

ጅማ ላይ በብዙ ልብስ ሰፊዎች በረንዳ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ አንድ ጆንያ አይጠፋም። ጆንያው የቡና ነው። ውስጡ ያለው ግን ቁራጭ ጨርቅ ነው። ከቀሚስ ቅድ የተረፈ፣ ከሱሪ እግር ያጠረ፣ ከመጋረጃ ጫፍ የተቆረጠ። ከዚህ ጆንያ የአልጋ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የሕፃን መጠቅለያ ይወጣል። የሚወጣው ግን ጨርቁን የሚበላው ማን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ነው። ብዙ ሰው መቀሱ ይመስለዋል። የሚበላው ስፌቱ ነው።

ሥራው በአማርኛ አዲስ አይደለም። "ድሪቶ" የሚል ቃል አለን። ደረተ ማለት ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየጣፈ ሰፋ ማለት ነው። ያሳዝናል፣ ቃሉ ከድህነት ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ድሪቶ ለብሷል ከተባለ ሰውየው ተቸግሯል ማለት ነው። በሌላው ዓለም ግን ይኸው ሥራ ትልቅ ሙያ ሆኖ ኖሯል። የቤንጋል ሴቶች ያረጀ ሳሪ ደራርበው በመርፌ እየጠቀሙ ካንታ የሚባለውን ልብስ ይሠራሉ። በፍሎሪዳ የሚኖሩ የሴሚኖል ሕዝቦች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና ጠባብ ጥብጣቦችን እየቀጣጠሉ የራሳቸውን ጥለት ፈጥረዋል። አሜሪካኖች ኩዊልት የሚሉት ሦስት ንብርብር አለው። ላይኛው የተቀጣጠለ ጨርቅ ነው። መሃሉ ጥጥ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ነው። ከታች ገበር ይገባል። ሦስቱ አንድ ላይ በመርፌ ይሰፋሉ። ላይኛው ጨርቅ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው እኩል ከሆኑ ትልልቅ ካሬዎች ነው። አንዱ ትልቅ ካሬ ብሎክ ይባላል፤ እሱም ከትንንሽ ቁራጮች ይቀጣጠላል።

ጅማ ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የሄርማታ ገበያ ከከተማዋም በፊት የነበረ ነው። በሁለተኛው አባ ጅፋር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932፣ የሩቅ ነጋዴ ሁሉ መገናኛ ነበር። ዛሬም የጅማ መርካቶ ሲገቡ ጣቃ ጨርቅ የሚሸጠው፣ ሰልባጅ ዘርግቶ የሚጠራው፣ መኪናውን እየረገጠ የሚሰፋው ጎን ለጎን ነው። ከኢድ በፊት ልብስ ሰፊዎቹ ፋታ የላቸውም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲልም እንዲሁ ነው። ያኔ የሚሰፋው ዩኒፎርም ነው። ልብ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዩኒፎርም የሚተርፈው ቁራጭ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ውፍረት አለው፤ በብዛትም ይገኛል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ሁለት ቁራጭ ሲሰፋ ከእያንዳንዱ ጠርዝ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ለቅጥልጥል ሥራ የተለመደው ልክ 6 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ካሬ በየአቅጣጫው ሁለት ጠርዝ ስላለው ተሰፍቶ 10 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን 11.2 ተደርጎ መቆረጥ አለበት። ይህች 1.2 ትንሽ ትመስላለች። 30 በ30 የሆነ ብሎክ ስንሠራ ግን ትገለጣለች። ብሎኩ 900 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ከዘጠኝ ካሬ ብንሠራው 1129 ካሬ ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ይፈጃል። ያንኑ ብሎክ ከሠላሳ ስድስት ትንንሽ ካሬ ብንሠራው 1384 ይሆናል። ማለትም ከቆረጥነው ጨርቅ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ስፌት ውስጥ ተቀበረ ማለት ነው። ማንም አያየውም፣ ማንንም አያሞቅም።

ወደ አልጋ ልብስ እናምጣው። 150 በ210 ሳንቲ ሜትር የሆነ ልብስ 35 ብሎክ ይፈልጋል። በዘጠኝና በሠላሳ ስድስት መካከል ያለው ልዩነት ወርዱ ሜትር ተኩል ከሆነ ጨርቅ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስፌቱ ደግሞ ይብሳል። የመጀመሪያው 42 ሜትር ያህል ስፌት ሲኖረው ሁለተኛው 105 ሜትር ይደርሳል። ክሩም፣ ጊዜውም፣ መኪናውን የሚረግጠው እግርም በዚያው ልክ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። ከእያንዳንዱ ጠርዝ አንድ ሚሊ ሜትር አብዝቶ የሚሰፋ ሰው በአንድ ስፌት ሁለት ሚሊ ሜትር ያጣል። ሁለት ስፌት ባለበት ረድፍ ጉድለቱ አራት ሚሊ ሜትር ነው። ጨርቁን ሳብ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል። አምስት ስፌት ባለበት ረድፍ ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ያኔ ብሎኩ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም፣ ይሸበሸባል። የመጀመሪያ ሥራዬን ሙሉውን የተረተርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ቁራጮቹ ትንንሽ ነበሩ፣ ስፌቱም እኩል አልነበረም።

ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ጥለቱን በደብተር ወረቀት ላይ መሣል ያስፈልጋል። ባለ መስመር ካሬ ወረቀት ቢሆን ይመረጣል። ከተሣለ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠየቀው፦ ጎን ለጎን የተቀመጡ አንድ ዓይነት ቀለሞች የት አሉ? ሁለት ሰማያዊ ካሬ ከተያያዙ ሁለት መቁረጥ ለምን? አንድ አራት ማዕዘን ይበቃል። ሁለት ቀይ ሦስት ማዕዘን በጀርባቸው ከተገናኙ አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ነው የሚቆረጠው። ዓይን የሚያየው ጥለት አይለወጥም። የሚጠፋው ስፌቱ ብቻ ነው። እኔ ከሁሉም ብልሃት ይህንን አስቀድማለሁ። ምንም ዕቃ አይጠይቅም፣ እርሳስ ብቻ ነው።

የጅማን በርጩማ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል። መገጣጠሚያ የለውም፣ ስለዚህ ከመገጣጠሚያው አይላቀቅም። ጨርቅም እንደዚያው ነው። በመታጠብ ብዛት ቀድሞ የሚለቀው ስፌቱ ያለበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው ብልሃት መጀመሪያ በረጅሙ ሰፍቶ ኋላ መቁረጥ ነው። ዘጠኝ ካሬ ያለውን የዳማ ጥለት እንውሰድ። ልማዱ ዘጠኙን ቆርጦ አንድ በአንድ መያያዝ ነው። ከዚያ ይልቅ 11.2 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያላቸው ጥብጣቦች ይቆረጣሉ። አምስት ጥቁር፣ አራት ነጭ ይሁኑ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር የሆነ ሁለት ስብስብ ይሰፋል። ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ የሆነ ደግሞ አንድ። ከዚያ ሦስቱም በአግድም በየ11.2 ሳንቲ ሜትሩ ይቆረጣሉ። ከእያንዳንዱ ስብስብ ስምንት ረድፍ ይወጣል። ረድፎቹ ሲገጣጠሙ ስምንት ብሎክ ይሆናሉ። በድሮው መንገድ ረድፍ ለመሥራት ብቻ 48 አጫጭር ስፌት ያስፈልግ ነበር። እዚህ ስድስት ረጃጅም ስፌት ብቻ ነው። የዩኒፎርም ቁራጭ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፣ የሱሪ ጨርቅ ትራፊ ረጅም ነውና።

ሦስት ማዕዘን ሲመጣ ሰው ይፈራል። ፍርሃቱ ያለ ነገር አይደለም። ጨርቅ በድሩና በማጉ አቅጣጫ ሲቆረጥ ቅርጹን ይይዛል። በሰያፍ ሲቆረጥ ግን ይለጠጣል። ሦስት ማዕዘን ደግሞ ሁሌም አንድ ሰያፍ ጎን አለው። መፍትሔው ሳይቆርጡ መስፋት ነው። 12.2 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ካሬዎች ፊት ለፊት ይደረባሉ። ከጥግ ወደ ጥግ በሳሙና መስመር ይሠመራል። ከመስመሩ ግራና ቀኝ በ6 ሚሊ ሜትር ርቀት ይሰፋል። ከዚያ በመስመሩ ላይ ይቆረጣል። ሁለት ባለ ሁለት ቀለም ካሬ ይወጣል። ሰያፉ ጎን ከመቆረጡ በፊት ተሰፍቷል፣ ስለዚህ ለመለጠጥ ዕድል አላገኘም። ትንሽ ተርፎ ከሆነ 11.2 ላይ ይስተካከላል።

በራሪ ዝይ የሚባለው ቅርጽ ላይ ብክነቱ ይበልጥ ይታያል። ቅርጹ መሃል ላይ ትልቅ ሦስት ማዕዘን፣ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሾች ያሉት አራት ማዕዘን ነው። ብዙዎች በአራት ማዕዘኑ ጥጎች ላይ ትንንሽ ካሬ ሰፍተው ጥጉን ይቆርጡና ይጥላሉ። ተሰፍተው 12 በ6 ለሚሆኑ አራት ቅርጾች በዚህ መንገድ 795 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ይፈጃል። ሌላ መንገድ አለ። አንድ 15.2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ካሬ ይወሰድ። አራት 8.2 የሆኑ ትንንሾች ይጨመሩ። ሁለቱ ትንንሾች በትልቁ ተቃራኒ ጥጎች ላይ ይቀመጣሉ፣ መሃል ላይ ትንሽ ይደራረባሉ። ከጥግ ወደ ጥግ ይሠመራል፣ ግራና ቀኝ ይሰፋል፣ መሃሉ ይቆረጣል። ሁለት የልብ ቅርጽ የሚመስሉ ቁራጮች ይወጣሉ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ካሬ ተጨምሮ ያው ይደገማል። አራት ዝይ ይወጣል። የሚፈጀው 500 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። መጀመሪያ ሲሠራ እጅ ይጠራጠራል፤ ቅርጹ ሲዘረጋ ግን ደስ ይላል።

ቁራጫቸው ሁሉ ቀጭንና ረጅም ለሆነባቸው ደግሞ መሃል ላይ አንድ ካሬ አስቀምጦ ዙሪያውን በጥብጣብ እየከበቡ መሄድ አለ። አሜሪካኖች የግንድ ጎጆ ይሉታል። ጥብጣቦቹ ርዝመታቸው እኩል መሆኑ ግድ አይደለም፣ ወርዳቸው ብቻ እኩል ይሁን።

ስለ መኪናው። ሲንጀር ለስፌት መኪናው ፓተንት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። በእግር የሚረገጠው መኪና ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። መብራት ሲጠፋም አይቆምም። የሚያስቸግረው የ6 ሚሊ ሜትሩ ልክ ነው። የእኛ ልብስ ሰፊዎች ለልብስ ሰፋ አድርጎ መተው ለምደዋል፣ ትክክልም ነው። ልብስ ይሰፋል፣ ይጠባል። ለቅጥልጥል ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ከተተወ ያው ዘጠኝ ካሬ ያለው ብሎክ ከ1129 ወደ 1296 ይወጣል። ከመርፌው 6 ሚሊ ሜትር ተለክቶ መኪናው ላይ ፕላስተር መለጠፍ ይበቃል። መፈተኛም አለ። 4 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሦስት ጥብጣቦች ይሰፉ። የመሃከለኛው 2.8 ከሆነ ልኩ ደህና ነው። የሚተረተር ወይም ወፍራም ጨርቅ ከሆነ፣ እንደ ጂንስ ያለው፣ 6 ሚሊ ሜትር አያስተማምንም። እዚያ ላይ ስስት አያዋጣም፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ይተው።

ቁራጮቹን ክሩን ሳይበጥሱ ተከታትሎ መስፋትም ክር ይቆጥባል። አንዱ ጥንድ ሲያልቅ ቀጣዩ ወዲያው ጨርቁን ከሚጫነው የመኪናው እግር ሥር ይገባል። መጨረሻ ላይ እንደ ጨሌ ተሰክተው ይወጣሉ፣ ያኔ ይቆራረጣሉ።

ካውያ አይረሳ። እያንዳንዱ ስፌት ሌላ ስፌት ሳያቋርጠው በፊት መተኮስ አለበት። ስፌቱ ወደ ጥቁሩ ጨርቅ ጎን ይታጠፋል። እንዲህ ሲሆን በነጩ በኩል ጥላ አይታይም። ረድፎቹ ሲገጥሙም የአንዱ እጥፋት ወደ ግራ፣ የሌላው ወደ ቀኝ ስለሚሆን እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ጥጎቹ ያለ ስፒል ይገናኛሉ። ካውያው መጫን ነው ያለበት። ወዲህ ወዲያ ከተጎተተ ጨርቁን ይለጥጠዋል።

የጨርቅ ምርጫው ላይ ብዙ አልቆይም። ፖፕሊንና አቡጀዲ ለጀማሪ ይመቻሉ። ጥጥ የሆነ ሁሉ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፣ ይሰበሰባልና። ቀለም የሚለቅ ካለም ያኔ ይታወቃል። ቴትሮን አይሰበሰብም፣ ግን በጋለ ካውያ ይኮማተራል። ሁለቱን በአንድ ብሎክ ባይቀላቅሉ ይሻላል። ከሰልባጅ ሸሚዝ የሚቆርጥ ሰው ጀርባውን ያስቀድም፤ ትልቁ ያልተሰፋ ጨርቅ እዚያ ነው። ብብቱና ክርኑ የሳሳ ስለሆነ ይለፍ። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ጅማ ላይ ልብስ ማድረቅ ፈተና ነው። ጥጥ የገባበት ወፍራም የአልጋ ልብስ በዚያ ወቅት ታጥቦ ቶሎ አይደርቅም፣ ይሸታል። ለእዚህ ከተማ መሃሉ ላይ ስስ ብርድ ልብስ ወይም ያረጀ ጋቢ ማስገባት ይበልጣል።

ጆንያው ራሱ በስፋት ቢለይ ሥራው ይቀላል። ከ12 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነው አንድ ፌስታል፣ ረጃጅሙ ሌላ ፌስታል። ከአራት ሳንቲ ሜትር በታች የሆነውን መቀጣጠል አያዋጣም። 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ሲሰፋ 2.8 ይሆናል፣ ከግማሽ በላዩ ስፌት ውስጥ ይቀራል። እሱ ተከታትፎ የበርጩማ ትራስ ይሞላበታል።