የኒውዮርክ የጥብቅና ፈተና እና ከኢትዮጵያ የሚሄዱ የሕግ ባለሙያዎች

በአሜሪካ የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ግዛት በመሆኑ፣ በተለምዶ «ባር» የሚባለውም ፈተና የየግዛቱ ጉዳይ ነው። በሌላ አገር ሕግ ተምረው በአሜሪካ ጠበቃ መሆን የሚፈልጉ ብዙዎች የሚያመሩት ወደ ኒውዮርክ ሲሆን፣ ምክንያቱም ግዛቱ የሦስት ዓመቱን የአሜሪካ የሕግ ትምህርት እንደ አዲስ እንዲጀምሩ ሳያስገድድ፣ በኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ዲግሪ ብቻ ለፈተና የሚቀመጡበትን መንገድ መክፈቱ ነው።

ደንቡ የውጭውን ትምህርት በርዝመቱም በይዘቱም ይመዝናል። የኢትዮጵያ የሕግ ዲግሪ በርዝመት አይታማም። ጉድለቱ የሚመጣው ከይዘቱ ነው፤ የሚፈለገው በእንግሊዝ ኮመን ሎው፣ ማለትም የፍርድ ቤት ውሳኔዎች እንደ ሕግ በሚያገለግሉበት ሥርዓት፣ ላይ የተመሠረተ ትምህርት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ የተረቀቀ፣ ሕጉ በዋናነት በተጻፈ ኮድ የሚደነገግበትን የአውሮፓውን ሥርዓት የተከተለ ነው። ይህ ጉድለት የሚሞላው በአሜሪካ ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው ኤልኤልኤም በመማር ነው። የትምህርት ማስረጃው ከአመልካቹ እጅ ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ለፈታኙ ቦርድ መድረስ ስላለበት፣ የሬጅስትራር ጉዳይ እንዴት እንደሚጓተት የሚያውቅ ሰው ከጥናቱ በፊት ይህን ይጀምራል። የፈተናው ክፍያ ለውጭ ምሩቃን 750 ዶላር ነው።

ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፌብሩዋሪ እና በጁላይ መጨረሻ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ይሰጣል። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ጀምሮ የምትጠቀመው በብዙ ግዛቶች የሚሠራበትን የጋራ ፈተና ሲሆን፣ ለማለፍ ከ400 ነጥብ 266 ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ተፈታኙ ሁለት የተግባር ሥራዎችንና ስድስት የጽሑፍ ጥያቄዎችን ይሠራል፤ በተግባሩ ክፍል የጉዳዩ መዝገብና አግባብነት ያላቸው ሕጎች አብረው ስለሚቀርቡለት የሚፈተነው ትውስታው ሳይሆን የጠበቃ ሥራ መሥራት መቻሉ ነው። በሁለተኛው ቀን 200 የምርጫ ጥያቄዎች ይጠብቁታል፤ ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ጥያቄዎቹ የሚወጡት ከሰባት የትምህርት ዓይነቶች ነው፦ ከውል፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ ከማይንቀሳቀስ ንብረት፣ ከማስረጃ፣ ከሕገ መንግሥት፣ ከፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት፣ እንዲሁም ከወንጀል ሕግና ሥነ ሥርዓቱ። የግማሹ ውጤት ባለቤት ይህ ቀን ነው።

በኢትዮጵያ የሠለጠነን ባለሙያ የሚያሰናክለው፣ በእኔ ግምት፣ የማያውቀው ሳይሆን የሚያውቀው ነው። አንድ ተቋራጭ ቤት በ100,000 ዶላር ሊሠራ ተዋውሎ ሥራው እኩሌታ ላይ ሲደርስ 20,000 እንዲጨመርለት ይጠይቃል፤ ባለቤቱም ይስማማል፤ ቤቱ ሲያልቅ ግን ጭማሪውን አልከፍልም ይላል እንበል። ውል እንዲጸና የሚያስፈልጉትን የሚዘረዝረውን የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1678ን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ችሎታን፣ ፈቃድን፣ የውሉን ጉዳይና ፎርሙን ተመልክቶ ስምምነቱ ይጸናል ወደሚለው ያዘነብላል። በኮመን ሎው ግን ተቋራጩ ለጭማሪው በምላሹ የሰጠው አዲስ ነገር ስለሌለ፣ ማለትም ኮንሲደሬሽን ስለጎደለ፣ እንደ ደንቡ አይጸናም። ወጥመዱ በዚህ አያበቃም፦ ጉዳዩ የቤት ሥራ መሆኑ ቀርቶ የሲሚንቶ ሽያጭ ቢሆን፣ የዕቃ ሽያጭ የሚገዛው ዩሲሲ በሚባለው የንግድ ሕግ ስለሆነ፣ በቅን ልቦና የተደረገው ማሻሻያ ያለ ኮንሲደሬሽንም ይጸናል።

ስለዚህ ዝግጅቱ ንባብ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ተፈታኝ እንደ ባርብሪ እና ቴሚስ ካሉ አሰልጣኝ ድርጅቶች በአንዱ ተመዝግቦ ለሁለት ወር ወይም ለበለጠ ጊዜ ሙሉ ቀን ያጠናል፤ ውጤት የሚለውጠው ግን በሰዓት ተይዞ ጥያቄ መሥራት፣ የተሳሳቱትንም አንድ በአንድ መመርመር ነው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ መተው ኪሳራ ነው። በጽሑፉ ጥያቄ ጭብጡን መያዝ፣ ሕጉን መግለጽ፣ ከፍሬ ነገሩ ጋር ማገናዘብና መደምደም የሚለው አካሄድ ለኢትዮጵያ ምሩቅ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሚሆንበት በ30 ደቂቃ መጨረሱ ነው። የወደቀ ሰው የፈለገውን ያህል ጊዜ መድገም ይችላል።

266 ያገኘ ሰው በማግስቱ ጠበቃ አይሆንም። በሙያ ሥነ ምግባር ፈተና ቢያንስ 85 ማምጣት፣ 50 ሰዓት የነጻ የሕግ አገልግሎት መስጠት፣ በኒውዮርክ ሕግ ላይ ከሚቀርቡ 50 ጥያቄዎች 30ውን መመለስና የጠባይ ምርመራውን ማለፍ ይጠበቅበታል። ፈቃዱን የሚያገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፊት ቃለ መሐላ ሲፈጽም ነው።